ሳልባትዮው ሲደፈን፦ ይነፋ፣ ይታጠብ ወይስ ይቀየር?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ፣ ሐረጎ ዳገት መሀል ላይ ሞተሯ ትንፋሽ ያጥራታል። ነዳጅ ትሰጧታላችሁ፣ እሷ ግን ትዳከማለች። ከዚያ ቀጥ። ዳር ይዛችሁ ትንሽ ትቆማላችሁ፣ ትረግጧታላችሁ፣ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ሦስት ኩርባ አልፋችሁ እንደገና ቀጥ። ከኋላ የመጣው ሲኖትራክ ጡሩምባውን እያንባረቀባችሁ ያልፋል።

የኔ ሞተር እንዲህ ነበር የምታደርገኝ። ያማሃ ዲቲ 125 ናት፣ በዕድሜ ታላቄ ናት ማለት ይቻላል። ፓምፕ የላትም፤ ቤንዚኑ ከሳልባትዮው፣ ከነዳጅ ታንከሩ ማለት ነው፣ በራሱ ክብደት ነው ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቀልበት ካርቡራቶር የሚወርደው። ስለዚህ መውጫው ላይ ትንሽ ቆሻሻ ከተቀመጠ የሚገፋው ነገር የለም። ይህን መውጫ ለመክፈት ሰው የሚመክረውን ሁሉ ሞክሬዋለሁ፤ ሽቦ፣ ንፋስ፣ ጠጠር፣ አቼቶ፣ ሌላም ሌላም። አንዳንዱ ሠራ፣ አንዳንዱ ለሁለት ቀን ብቻ ሠራ፣ አንዱ ደግሞ ሳልባትዮዬን ሊያሳጣኝ ነበር።

ምርጫውን ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር።

እውነት የተደፈነው እሱ ነው?

ስትቆምባችሁ መጀመሪያ የሳልባትዮውን ክዳን ክፈቱ። ፍስስ የሚል ድምፅ ከሰማችሁና ወዲያው ጤነኛ ከሆነች ችግሩ ታች አይደለም፣ ላይ ነው። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለች። እሷ በአቧራ ስትዘጋ ቤንዚኑ ሲወርድ ቦታውን የሚተካ አየር ያጣል፣ ውስጡ ይሳባል፣ መውረዱም ይቆማል። ይህን ሳላውቅ ካርቡራቶሬን ሁለት ጊዜ ፈትቻለሁ። ቀዳዳዋን በመርፌ ማጽዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው፣ እዚያው እንደቆመች ካርቡራቶሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጉ። እንዲህ ስታደርጉ ሞተሯ ትኩስ መሆኗን አትርሱ፤ ጨርቅ ያዙ፣ ቤንዚኑ ጭስ ማውጫው ላይ እንዳይፈስ። በደንብ ቤንዚን ከወጣ ነዳጅ አልጎደለባትም ማለት ነው፤ ሲሞቅ የሚደክም የእሳት መስጫ ኮይል ሊሆን ይችላል። ጠብ ጠብ ብሎ ከቆመ መንገዱ ተዘግቷል።

እሳት የሚሰጠው ካንዴላም ይናገራል። ነዳጅ የሚያንሳት ሞተር ካንዴላዋ ይነጣል። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፣ ነዳጅ በዝቶባታል። ይህን በተለይ ደሴ ላይ ልብ በሉ፤ ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከ20 በመቶ በላይ የሳሳ ነው፣ ለታች አገር የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ያጠቁራል። እሱን ቱቦ በማጽዳት አታድኑትም።

ቁልቁለትና ዳገትም ይለያያሉ። ዳገት ላይ ነዳጅ ሙሉ ሰጥታችሁ የምትሞት ከሆነ መውጫው ጠቧል፤ ሜዳ ላይ ትንሽ ስለምትጠጣ የጠበበው ይበቃታል፣ ዳገት ላይ አይበቃትም። ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ብቻ የምትሞት ከሆነ ደግሞ፣ መውጫው እንደኔዋ ከሳልባትዮው በስተኋላ ከሆነ፣ ምናልባት ቤንዚኑ አልቆ ያለው ጥቂቱ ወደ ፊት ሸሽቶ ነው። እሱ መድኃኒቱ ማደያ ነው። ካለ።

የመጨረሻው ምርመራ ሰዓት ያለው ስልክና ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይፈልጋል። ቱቦውን ከካርቡራቶሩ ንቀሉና ወደ ሃይላንዱ አፍስሱ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሞተሯ ዳገት ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ብትጠጣ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ በደቂቃ የሚያስፈልጋት 60 ሚሊ ሊትር ነው። ግማሽ ሊትሩ በሁለት ሦስት ደቂቃ ከሞላ መንገዱ ክፍት ነው። አሥር ደቂቃ ከፈጀ፣ ወይም በደንብ ጀምሮ እየቀጠነ ከሄደ፣ ማንበባችሁን ቀጥሉ።

ሽቦ ወይስ ንፋስ?

ሰው ሁሉ የሚጀምረው በሽቦ ነው። እኔም። የፍሬን ሽቦ ቆርጬ ከታች ወደ ላይ ጎረጎርኩት፣ ቤንዚኑ ወረደ፣ ደስ አለኝ። ያላወቅኩት ነገር፣ መውጫው ላይ ያለው የነዳጅ መክፈቻ ወደ ሳልባትዮው ውስጥ የሚገባ ቀጭን ወንፊት አለው፣ እኔ እሱን ቀድጄዋለሁ። ከዚያ በኋላ ወንፊቱ ሲይዘው የነበረው ቆሻሻ ሁሉ በቀጥታ ወደ ካርቡራቶር ወረደና ቀዳዳዎቹን ደፈነ። አንድ በሽታ ይዤ ገብቼ ሁለት ይዤ ወጣሁ። ሽቦ የሚሠራው መክፈቻው ተፈትቶ እጃችሁ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፣ እሱም ለስላሳ የመዳብ ሽቦ።

ንፋስ ይሻላል፣ ግን አነፋፉን ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ክዳኑ ላይ አፍኖ ከላይ መንፋት ነው። ይህን በፍጹም። ጎሚስታ ቤት ያለው ኮምፕሬሰር የጭነት መኪና ጎማ የሚነፋ ነው፤ የሳልባትዮው አንድ ጎን 30 በ20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ባር ብቻ እዚያ ላይ 600 ኪሎ ያህል ይገፋል። ቆርቆሮው ለዚያ አልተሠራም። እኔ አንድ ቦታ ወስጄ የነፋልኝ ልጅ "ትንሽ ነው የለቀቅኩት" አለኝ፣ ሳልባትዮው ግን ጎኑ ላይ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ፤ እስከ ዛሬ እግሬን ይነካኛል። ሁለተኛው ክዳኑን ክፍት አድርጎ፣ ከታች በቱቦው በኩል በብስክሌት መንፊያ ወደ ላይ መንፋት ነው። ይህ አደጋ የለውም፣ መንገድ ላይ ስትቀሩ ያድናችኋል።

ግን አድኖ የሚያደርሳችሁ እስከ ቤት ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሄጄ "ጋሼ፣ እባክዎ ይንፉልኝ" ስላቸው ሳቁ። "ልጄ፣ ነፍቼ የምልከው እኮ ወደ ውስጥ ነው። ቤቱ እዚያ ነው። ነገ ተመልሶ ይመጣል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ።

በአፍ መሳብና መንፋትስ? ብዙ ሰው ያደርገዋል። ቤንዚን ትን ካለ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ እሱ ደግሞ ከሆድ የባሰ ነው። መንፊያ ተዋሱ።

መክፈቻውን ፈትቶ ማጠብ

ለአብዛኛው ሰው የምመርጥለት ይህን ነው። ከሽቦው አንድ ሰዓት ብቻ ይበልጣል። ቤንዚኑን በንጹሕ ጀሪካን ታወርዳላችሁ፣ ሳልባትዮውን ከሞተሯ ላይ ታነሳላችሁ፣ መክፈቻውን ትፈታላችሁ። ያማሃዋ ላይ በሁለት ብሎን ነው የተያዘው፣ ሌሎች ላይ በአንድ ትልቅ ዳዶ ሊሆን ይችላል።

ስትፈቱት ሁለት መግቢያ ታያላችሁ። ቆሞ ከፍ ያለው የዘወትሩ ነው፤ ታች ያለው የመጠባበቂያው። ለዚህ ነው መክፈቻው "ክፍት" ላይ ሲሆን ቤንዚን እየወረደ መጠባበቂያው ላይ ስታዞሩት የሚጠፋው፤ ቆሻሻው ታች ስለሚተኛ መጀመሪያ የሚዘጋው የታችኛው ነው። መጠባበቂያው የሚያስፈልገን ደግሞ ቤንዚን ባለቀ ቀን፣ ከማደያ ርቀን። ስለዚህ በየጊዜው ወደሱ አዙራችሁ ሞክሩት፣ ቆሻሻው እዚያ ተኝቶ እንዳይደርቅ።

ከዚያ በግማሽ ሊትር ቤንዚን ሳልባትዮውን እያንቀጫቀጫችሁ እጠቡት፣ ወደ ነጭ ጨርቅ ገልብጡት። ጨርቁን በደንብ እዩት። ቀጣዩን የሚወስንላችሁ እሱ ነው።

አሸዋና አቧራ ብቻ ከሆነ ጨርሳችኋል። በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን የሚቀዳ ሰው ይህን በብዛት ያገኛል። እኔም ማደያው ሲደርቅ እቀዳለሁ፣ አልዋሽም፣ ግን በነጭ ጨርቅ አጥልዬ ነው።

ከቤንዚኑ ሥር እንደ ዶቃ የሚንከባለል ነገር ካለ ውሃ ነው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ሌሊቱን ግማሽ ባዶ የሆነ ሳልባትዮ በብርድ ውስጥ ሲያድር ውስጡ ያለው እርጥበት ወደ ውሃነት ይለወጣል፤ ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲያድር ጎረቤት ሁሉ ብርድ ልብስ ደርቦ ይተኛል፣ ሞተሯ ግን ግቢ ውስጥ ናት። ማታ ሞልቶ ማሳደር ይረዳል፣ አቅምም ቤንዚንም ከተገኘ።

ቡናማና የሚያጣብቅ፣ እንደ ቫርኒሽ የሚሸት ከሆነ ያረጀ ቤንዚን ነው። ሞተር ለዓመት ስትቆም የሚመጣ። ይህን አቼቶ አይነካውም፣ የሚያሟሟው ቲነር ነው። ቲነር ደግሞ ቀለምንም ላስቲክንም ይበላል፤ የመክፈቻውን ላስቲኮች አውጥታችሁ ብረቱን ብቻ ንከሩት፣ ሳልባትዮው ውስጥ የምትጨምሩም ከሆነ አንድ ጠብታ ውጭው ላይ እንዳይወድቅ።

ቀይ ቡናማ ዱቄትና ቅርፊት ከሆነ ግን ዝገት ነው፤ ረጅሙ ሥራ እሱ ነው።

ዝገቱን በምን?

በመጀመሪያ ጠጠር። ጠጠርና ትንሽ ቤንዚን ጨምሮ መናጥ የቆየ ዘዴ ነው። ይሠራል፣ ግን ጠጠር ይሰበራል፤ ስብርባሪው አሸዋ ሆኖ ማዕዘን ውስጥ ይቀራል፣ ከዝገቱ ይልቅ እሱን ስታወጡ ትውላላችሁ። ዳዶ ይሻላል ብዬ 30 ትንንሽ ዳዶ ቆጥሬ ጨመርኩ። ከናጥኩ በኋላ 29 ወጡ። ሳልባትዮውን ገልብጬ፣ ዘቅዝቄ፣ ደብድቤ፣ ማግኔት በሽቦ አስሬ ፈለግኩ፤ የለችም። ከአራት ወር በኋላ ራሷ መጥታ መውጫው አፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ የምጠቀመው ቁራጭ ሰንሰለት ነው፣ ጫፉን በሽቦ አስሬ ሽቦውን በክዳኑ በኩል ውጭ አስቀራለሁ፤ መጎተት ብቻ ነው። እንደ ወተት መናጥ ነው እንግዲህ፣ ልጆች ካሉ ደስ እያላቸው ይንጡላችኋል። በንጠት የሚለቀው ግን የላላው ቅርፊት ብቻ ነው።

የተጣበቀውን የሚያነሳው ለስላሳ አሲድ ነው። አቼቶ በየሱቁ አለ፣ 5 በመቶ ገደማ አሲድ ነው፣ ሳልባትዮውን እስከ አፉ ሞልታችሁ አንድ ሁለት ቀን ታስቀምጡታላችሁ። እስከ አፉ የምለው ግማሹን ከሞላችሁ መስመሩ ላይ አዲስ ዝገት ስለሚሠራ ነው። ሲትሪክ አሲድ በዱቄት ካገኛችሁ ይፈጥናል፤ በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ከ50 እስከ 100 ግራም፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት። ዋጋውም ይቀላል፣ ምክንያቱም 8 ሊትር ሳልባትዮ ለመሙላት የሚገዛው አቼቶ ብዛት ቀላል አይደለም፣ ባለሱቁም "ሠርግ አለ እንዴ?" ብሎ ይጠይቃችኋል። ዱቄቱ ከጠፋ አቼቶ፣ ከተገኘ ዱቄቱ። ሎሚ መጭመቅ አይመከርም፤ ለሰላጣ ይሁን።

በሁለቱም መክፈቻውን ቀድማችሁ አውጡና ቀዳዳውን በላስቲክና በቆርቆሮ ዝጉት፤ የመክፈቻው ለስላሳ ብረት አሲዱን አይችልም። ክዳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ፣ ጋዝ ይሠራል። ስትጨርሱ በውሃ፣ ከዚያ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ፣ ከዚያ እንደገና በውሃ ታጥቡታላችሁ።

ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ታጥቦ የተራቆተ ብረት ካልደረቀ ዓይናችሁ እያየ ነው የሚዝገው። እኔ መጀመሪያ ደሴ ላይ በነሐሴ አደረግኩት። ፀሐይ ስጠብቅ ዋልኩ፣ ፀሐይ የለም፣ ማታ ሳየው ብርቱካን ሆኗል። በሁለተኛው ጊዜ ሳልባትዮውን ይዤ ኮምቦልቻ ወንድሜ ቤት ወረድኩ፣ 25 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፣ ግን እዚያ ሞቃት ነው። የፀጉር ማድረቂያ ለቅቄበት፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ፣ ወዲያው ትንሽ የቱ ስትሮክ ዘይት በቤንዚን በጥብጬ ውስጡን ሁሉ አለበስኩት። ያ ነው እስከ ዛሬ ያለው። ቱ ስትሮክ ላልሆነችም ትንሽ ዘይት አይጎዳትም፣ ለአንድ ቀን ታጨሳለች እንጂ።

የባትሪ አሲድ ወይም ሽንት ቤት የሚጸዳበት አሲድ "በአንድ ሰዓት ወለል ያደርገዋል" የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ያደርገዋል። ዝገቱን ጨርሶ ብረቱንም ይቀጥላል። አሮጌ ሳልባትዮ ውስጡ ቀድሞውኑ ሳስቷል፣ ዝገቱ ራሱ ነው አንዳንዱን ቀዳዳ ደፍኖ የያዘው። ጢሱም ለሳንባ፣ ፍንጣቂው ለዓይን። እኔ በነጻም ቢሰጡኝ አልነካውም።

በባትሪ ቻርጀር ዝገት የሚያነሱም አሉ፣ በሶዳ ውሃ ውስጥ የብረት ዘንግ አስገብተው። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ብረቱን አይበላም። ግን ዘንጉ ሳልባትዮውን እንዳይነካ መታሰር አለበት፣ የማይዝግ ብረት ዘንግ መርዝ ስለሚያወጣ አይሆንም፣ የሚወጣው ጋዝ ስለሚቀጣጠል ደጅ መሠራት አለበት፣ መብራትም ሳይጠፋ ቀኑን መዋል አለበት። የመጨረሻውን ቃል መግባት አልቻልኩም።

ውስጡን በሚለብስ ኬሚካል መቀባት የሚባለውንም አልመርጥም። በደንብ ሳይጸዳ ከተቀባ ከጊዜ በኋላ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጣል፣ ልጣጩም መውጫውን ይደፍናል። ተመልሰን እዚያው።

አንድ ነገር ሳልረሳ፤ የምትሠሩበት ቀን ግቢ ውስጥ ከሰል የሚያቀጣጥል እንዳይኖር። እኔ ሳልባትዮ ዘቅዝቄ ሳለሁ ጎረቤቴ "ቡና ደርሷል" ብላ ማንደጃውን ይዛ ብቅ አለች። "እትዬ፣ እባክሽ እዚያው!" ብዬ ስጮህ ደነገጠች። ባዶ ሳልባትዮ ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል፤ የሚፈነዳው የቤንዚኑ ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ነውና። ለዚሁ ነው ቀዳዳ ላስበይድ ብላችሁ ከቤንዚን ያልጸዳ ሳልባትዮ ብየዳ ቤት የማትወስዱት። አቦሉን በኋላ ጠጣሁ።

ፊልትሮ እና አዲስ መክፈቻ

ቱቦው መሀል የምትገባ ፊልትሮ ርካሽ ናት፣ ከጽዳት ጋር እንጂ በጽዳት ፋንታ አትሁን። ወረቀት ያለባት የመኪና ፊልትሮ ፓምፕ እንዲገፋባት የተሠራች ናት፣ እዚህ ግን የሚገፋ ስለሌለ ራሷ እንቅፋት ትሆናለች። ውስጧ የሚታይ፣ ወንፊት ያላት ትንሿን ውሰዱ። ቱቦውም ሳይጠማዘዝ ወደ ታች ብቻ ይውረድ፤ ወደ ላይ ከተቀለበሰ አየር ይይዛል፣ እናንተም ተደፈነ ብላችሁ እንደገና ሳልባትዮ ትፈታላችሁ።

መክፈቻው ወንፊቱ ከተቀደደ ወይም ላስቲኩ ከደረቀ መጠገኑ ድካም ነው፣ ቀይሩት። አሮጌውን ይዛችሁ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያሉ መለዋወጫ ሱቆች ዙሩ፤ በስም አትግዙ፣ የሁለቱን ብሎኖች ርቀት አስለኩና ግዙ። ለሌላ ሞተር የተሠራም ቢሆን ርቀቱ ከገጠመ ይሆናል፣ የቆመው መግቢያ ከረዘመ ግን የማይወርድ ብዙ ቤንዚን ታች ይቀራል።

ጽዳቱን ስትጨርሱ ለመጀመሪያው ሳምንት ፊልትሮዋን በየማታው እዩ። ቀይ እየቀነሰ ከሄደ ጥሩ። በሁለተኛው ሳምንትም እኩል ከቀላ አሲዱን አንድ ጊዜ ድገሙት። ከዚያ በኋላም ካልቀነሰ፣ ወይም ሥሩ ማላብ ከጀመረ፣ ሌላ ሳልባትዮ መፈለግ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ ክዳኑን ከፍታችሁ የስልክ መብራት አስገቡና ውስጡን እዩ፣ አሽትቱትም። ውጭውን በማግኔት ዳብሱት፣ በተለይ ከሥርና ከመክፈቻው ዙሪያ። የተቀባው ቀለም ቢያብረቀርቅም ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ካለ ሥሩ ስቱኮ ነው፤ አስቀምጡለትና ውጡ።